ዓለም ያዮ ድረስ መጥታለች፤ ኮርሱስ?

ከበደሌ ወደ መቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ያዮ የምትባል ከተማ አለች። ስሟን ሰምታችሁ የማታውቁ ብትሆኑ አይገርምም። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያለው ጫካ ግን ስሙ ከአገር አልፏል። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. ከከፋ ደን ጋር በአንድ ዓመት የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ አድርጎ መዝግቦታል። 167,021 ሄክታር የሚሸፍነው ይህ አካባቢ፣ አረቢካ ቡና ማንም ሳይተክለው በዛፍ ጥላ ሥር በራሱ ጊዜ ከሚበቅልባቸው ጥቂት የዓለማችን ሥፍራዎች አንዱ ነው።

እስቲ አንድ ነገር እናስብ። በዚህ ጫካ ዳር ያደገች አንዲት ልጅ መቱ ዩኒቨርሲቲ ገባች እንበል። በአንደኛ ዓመቷ ስለ ዓለም አቀፍ ግንኙነት፣ ስለ ሎጂክ፣ ስለ አንትሮፖሎጂ፣ ስለ ኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ተማረች፤ ጥሩ ውጤትም አመጣች። ክረምት ላይ ቤቷ ስትመለስ አባቷ፣ “ማሳችሁ በጂፒኤስ ካልተመዘገበ ቡናችሁ አውሮፓ አይገባም ይሉናል፤ ምን ማለት ነው ልጄ?” ብለው ቢጠይቋት መልስ አላት?

ይህ ጽሑፍ እነዚያን ኮርሶች ይመዝናል። ሐሳቤን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ኮርሶቹ ያስፈልጋሉ፤ ይዘታቸውም ካምፓስ ውስጥ ከሚወራባቸው የተሻለ ነው። ግን ስለ ዓለም ሲያስተምሩ፣ ዓለም ተማሪው ደጃፍ ድረስ መምጣቷን አያሳዩትም። ለዚህ ነው ብዙዎች ኮርሱን አልፈው ትምህርቱን እዚያው ፈተና ክፍል ትተውት የሚወጡት።

ሰርተፍኬት ምን ያረጋግጣል?

በውጭ አገር፣ በተለይ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ከዋናው ትምህርታቸው ጎን ለጎን አነስ ያለ የኮርስ ስብስብ ወስደው ሰርተፍኬት የሚያገኙበት አሠራር አለ። ምሕንድስና የሚማር ልጅ ጥቂት የታሪክ፣ የፍልስፍና፣ የሥነ ጽሑፍ ወይም የውጭ ቋንቋ ኮርሶች ይወስዳል። ሲመረቅ ታዲያ ከዲግሪው ጋር “ሂዩማኒቲስን አጥንቷል” ወይም “የዓለም ግንዛቤ አለው” የሚል ማረጋገጫ ይጨመርለታል። ሂዩማኒቲስ የሚባሉት የሰውን ልጅ አስተሳሰብ፣ ቋንቋ፣ ታሪክና ባህል የሚመረምሩ የትምህርት ዘርፎች ናቸው። ለምሳሌ በዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ “ሰርተፍኬት” የሚባለው፣ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች “ማይነር” የሚሉት ነው። ማይነር ደግሞ በእኛም አገር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የነበረ አሠራር ስለሆነ ታላላቆቻችሁን ብትጠይቁ ይነግሯችኋል።

ሐሳቡ መልካም ነው። ግን ወረቀቱ ምን ያረጋግጣል? መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው መኪና መንዳት ይችላል ማለት ነው፤ ካልቻለም በማግስቱ መንገድ ላይ ይታወቅበታል። “የዓለም ግንዛቤ አለው” የተባለ ሰውስ ምን መሥራት ይችላል? ስልካችን ውስጥ ካጠራቀምናቸው የወርክሾፕና የኦንላይን ሥልጠና ሰርተፍኬቶች ውስጥ፣ አሁን ድንገት ብንጠየቅ ይዘቱን የምንናገርለት ስንቱ ነው?

ስለዚህ አንድ ቀላል መለኪያ እንያዝ፦ ይህን የተማረ ሰው፣ ቀድሞ ማንበብ ያልቻለውን የትኛውን ነገር አሁን ማንበብ ቻለ? ማንበብ ስል ጽሑፍ ብቻ ማለቴ አይደለም። አንድን ሕግ፣ አንድን ቁጥር፣ አንድን ውል አይቶ “ይሄ ማንን ይጠቅማል? ከየት መጣ? ቃሉን ማን ተረጎመው?” ብሎ መጠየቅ መቻል ነው።

ሄዶ የተመለሰው ፍሬሽማን

ኢትዮጵያ እንዲህ ዓይነት ሰርተፍኬት በስፋት አትሰጥም። የሚቀርበው ነገር ግን ከዚያ ይበልጣል፤ ሁሉም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በግዴታ የሚወስዳቸው የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች አሉ።

ታሪኩን ባጭሩ እንየው። የቀድሞው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ፍሬሽማን የሚባል የመጀመሪያ ዓመት ነበረው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከመጣ በኋላ ያ ትምህርት ወደ መሰናዶ፣ ማለትም ወደ 11ኛና 12ኛ ክፍል ወረደ፤ አብዛኛው ዲግሪም ሦስት ዓመት ሆነ። በ2000ዎቹ ደግሞ ከሚገቡት ተማሪዎች 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስና ሂዩማኒቲስ እንዲማር ተወሰነ። የዚያ ዘመን ተማሪ መሐንዲስ ለመሆን ሲገባ ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ መሐንዲስ ነበር። ታሪክን ለመጨረሻ ጊዜ ያየው ሁለተኛ ደረጃ ሳለ ነው።

ከዚያ በ2010 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፍኖተ ካርታ ተዘጋጀ። ተመራቂዎች ሙያቸውን ቢያውቁም አገራቸውንና ዓለምን የማየት፣ ነገርን የማመዛዘን ጉድለት አለባቸው የሚለው ቅሬታ በሰፊው ይነሳ የነበረበት ጊዜ ነው። ፍሬሽማን በ2012 ዓ.ም. ተመለሰ። ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የተውጣጡ መምህራን ለመላ አገሪቱ የሚሆኑ ሞጁሎች አዘጋጁ፦ ሎጂክና ሂሳዊ አስተሳሰብ፣ ማኅበረሰባዊ አንትሮፖሎጂ፣ ጠቅላላ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክና ጂኦግራፊ፣ የሥነ ምግባርና የዜግነት ትምህርት፣ አካቶነት፣ እና ተማሪው “ግሎባል” ብሎ የሚጠራው ግሎባል ትሬንድስ።

እነዚህን አንድ ላይ ብትደምሯቸው ሰርተፍኬት ሊያሰጥ የሚችል የሂዩማኒቲስና የዓለም ግንዛቤ ትምህርት ታገኛላችሁ። መሐንዲሱም፣ ነርሷም፣ አካውንታንቱም ይማሩታል። ሐሳቡ ትልቅ ስለሆነ ነው ሥራ ላይ ሲውል እንዴት እንደሆነ በደንብ ማየት ያለብን።

ሞጁሉን ስንገልጠው

የግሎባል ትሬንድስ ሞጁል አምስት ምዕራፎች አሉት፦ የዓለም አቀፍ ግንኙነት ምንነት፣ የውጭ ፖሊሲና ዲፕሎማሲ፣ ዓለም አቀፍ የፖለቲካ ኢኮኖሚ፣ ግሎባላይዜሽንና አካባቢያዊ ትብብር፣ በመጨረሻም ወቅታዊ ዓለም አቀፍ ጉዳዮች። ሁለተኛው ምዕራፍ የኢትዮጵያን የውጭ ፖሊሲ ከአንዱ መንግሥት ወደ ሌላው እየተከተለ ያሳያል፤ ይሄ ጥሩ ነው። የሎጂኩ ሞጁል ደግሞ ስለ ክርክር አወቃቀር፣ ስለ ትርጓሜ ዓይነቶች፣ ስለ ተሳሳቱ ሙግቶች ያስተምራል። ከልብ የተማረው ሰው ፌስቡክ ላይ የሚጻፈውን ግማሹን ነገር እዚያው ሊያፈርሰው ይችላል። የአንትሮፖሎጂው ሞጁል የራስን ባህል የሁሉ መለኪያ ማድረግ ምን ያህል ዓይን እንደሚጋርድ ያሳያል። ከየክልሉ የመጡ ተማሪዎች አንድ ክፍል ተቀምጠው ይህን መማራቸው ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው?

አንደኛ፣ በግሎባል ውስጥ ዓለምን የሚያንቀሳቅሱት በዋናነት መንግሥታት ናቸው። ሪያሊዝም፣ ሊበራሊዝም፣ ማርክሲዝም፣ ኮንስትራክቲቪዝም የሚባሉት ንድፈ ሐሳቦች በየተራ ይቀርባሉ፤ ተማሪው የትኛው ምን እንደሚል ይይዛል። ግን አንድ ጆንያ ቡና ከያዮ ተነስቶ ሃምቡርግ እስኪደርስ በስንት ሕግ፣ በስንት እጅ፣ በስንት ዋጋ እንደሚያልፍ ተከታትሎ፣ “እሺ፣ የትኛው ንድፈ ሐሳብ ይሄን ያስረዳል?” ብሎ የመጠየቅ ዕድል አያገኝም።

ሁለተኛ፣ ኮርሶቹ አይተዋወቁም። የሎጂክ መምህሩ ስለ ትርጓሜ ያስተምራል፤ የግሎባል መምህሯ ስለ ዓለም ንግድ ታስተምራለች። የዓለም ንግድ ጠብ ብዙውን ጊዜ የትርጓሜ ጠብ መሆኑን ግን የሚነግር ሦስተኛ ሰው የለም።

ሦስተኛ፣ ፈተናው። የአንደኛ ዓመት ክፍል ሲሞላ ለማረም የሚመቸው የምርጫ ጥያቄ ነው። የምርጫ ጥያቄ ደግሞ ስምና ትርጉም መያዝን በደንብ ይለካል፤ ማመዛዘንን ግን ብዙም አይለካም። በዚያ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ያለው የመውጫ ፈተና የሚያተኩረው በየትምህርት ክፍሉ ዋና ዋና ኮርሶች ላይ ነው። ተማሪ ሞኝ አይደለም። የትኛው እንደሚቆጠር፣ የትኛው እንደማይቆጠር ገና ሲገባ ይነገረዋል። “ኮመን ኮርስ ነው፣ አታካብዱ” የምትለዋን ምክር ያልሰማ ፍሬሽማን ካለ እጁን ያውጣ።

ያዮን ገልጠን ብናነበውስ?

እስካሁን ያልኩት ነቀፌታ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፣ እነዚሁ ኮርሶች በአንድ ቦታ ላይ ቢሠሩ ምን ሊያሳዩ እንደሚችሉ ላሳያችሁ። ቦታው ያዮ ነው፤ ጥያቄዎቹ ደግሞ ሦስት።

*ጥያቄ አንድ፦ ደን ምንድን ነው?* ቀልድ ይመስላል አይደል? የአባትየውን ጥያቄ አስታውሱ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ ሕግ አወጣ። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31፣ 2020 (በእኛ ታኅሣሥ 22፣ 2013) በኋላ ደን ተመንጥሮ በተሠራ እርሻ ላይ የበቀለ ቡና፣ ካካዎ፣ አኩሪ አተርና ሌሎችም ምርቶች ወደ ኅብረቱ ገበያ እንዳይገቡ ይከለክላል። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ከአንዴም ሁለቴ ተራዝሟል፤ ሕጉ ግን አለ። ቡናው የበቀለበት ማሳ መገኛ ነጥብ እንዲመዘገብ የሚጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው። የሚያሻግረው ነጋዴ፣ “ይህ ቡና ከዚህ ማሳ ነው፤ ማሳውም ከዚያ ቀን በኋላ ደን ተመንጥሮ የተሠራ አይደለም” ብሎ ማረጋገጥ አለበት።

አሁን የሎጂክ ሞጁላችሁን አውጡ። በዚህ ሕግ መሠረት ደን ማለት ከ0.5 ሄክታር በላይ የሆነ፣ ከ5 ሜትር በላይ የሚረዝሙ ዛፎች ያሉት፣ የዛፎቹ አናት ከመሬቱ ከ10 በመቶ በላይ የሚሸፍንበት፣ በዋናነት ለእርሻ ያልዋለ ቦታ ነው። ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም. የያዘችው ትርጓሜ ደግሞ ቢያንስ 0.5 ሄክታር፣ የዛፍ ቁመት ቢያንስ 2 ሜትር፣ ሽፋን ቢያንስ 20 በመቶ ይላል። 6 ሜትር የሚረዝሙ ዛፎች 15 በመቶውን የሸፈኑት፣ ያልታረሰ ሁለት ሄክታር መሬት አስቡ። በአውሮፓው ትርጓሜ ደን ነው፤ በእኛው አይደለም። መሬቱ ያው ነው፣ ዛፉም ያው፤ የተለየው ቃሉን የተረጎመው ሰው ነው።

ያዮ ላይ ነገሩ የበለጠ ይወሳሰባል። ገበሬው ሥር ያለውን ቁጥቋጦ ይመነጥራል፣ ጥቂት ዛፎችን ያሳሳል፣ ለጥላ የሚሆኑትን ይተዋል፣ በመካከላቸው ያለውን ቡና ይለቅማል። ይሄ ደን ነው ወይስ እርሻ? የአውሮፓው ሕግ በዛፍ ጥላ ሥር የሚመረት ሰብልን ከእርሻ ይቆጥረዋል። ሙሉ በሙሉ የዱር በሆነው የጫካ ቡናና ጥላ ዛፍ ባለው የእርሻ ቡና መካከል ግን በያዮ አጥር የለም፤ አንዱ ቀስ እያለ ወደ ሌላው ይቀየራል። የባዮስፌሩ አከላለል ራሱ ይህን ያውቃል። 27,733 ሄክታሩ የማይነካ እምብርት ነው፤ 21,552ቱ ቡና የሚለቀምበት ከለላ ዞን ነው፤ 117,736ቱ ደግሞ ሰው የሚኖርበትና የሚያርስበት ነው። ብራስልስ ላይ የተጻፈ አንድ ዓረፍተ ነገር ይህን ሁሉ በሁለት ቃል ይከፍለዋል፤ ደን፣ ደን ያልሆነ።

ልብ በሉ፣ ሕጉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ደን መጠበቁ ለያዮም ይጠቅማል። እያልኩ ያለሁት፣ ትርጓሜ የሚባለውን ምዕራፍ ለፈተና ብቻ የተማረ ልጅ ይህን እንደ ቴክኒክ ጉዳይ ያየዋል፤ በዚህ ምሳሌ የተማረ ልጅ ግን ቃላት መሬት እንደሚሰጡና እንደሚነሱ ያውቃል።

*ጥያቄ ሁለት፦ ዘሩ የማን ነው?* እ.ኤ.አ. በ2004 የብራዚል ተመራማሪዎች ኔቸር በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ ግኝት አወጡ። በተፈጥሮው ካፌይን የሌለው ሊባል የሚችል አረቢካ ቡና አግኝተዋል። ከብዙ ተክሎች መካከል ተፈትሸው የተገኙት ሦስት ዛፎች ዘራቸው ከኢትዮጵያ የሄደ ነው። ካፌይን የማይፈልግ ጠጪ በዓለም ላይ ብዙ ስለሆነ ዜናው ትልቅ ገንዘብ ይሸት ነበር፤ “የማን ንብረት ነው?” የሚለው ክርክር ወዲያው ተነሳ።

መልሱ ታሪክ ይጠይቃል። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በ1950ዎቹ ዓ.ም. ባሰማራው የቡና ጉዞ የኢትዮጵያ ቡና ዘር ተሰብስቦ ወደ ተለያዩ አገሮች ተልኳል። በዚያ ዘመን የዕፅዋት ዘር የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ሀብት ነው የሚለው አስተሳሰብ ነበር የገነነው። አገሮች በብዝኃ ሕይወታቸው ላይ ሉዓላዊ መብት አላቸው የሚለው ስምምነት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው፤ ኢትዮጵያም የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ ያወጣችው በ1998 ዓ.ም. (አዋጅ ቁጥር 482) ነው። ዘሩ የሄደው ታዲያ ከሕጉ በፊት ነው። ሕጋዊ የነበረ ነገር ፍትሐዊ ነበር ማለት ነው? ዛፉን ስንት ትውልድ ሲጠብቅ የኖረው ገበሬስ በየትኛው አንቀጽ ውስጥ ይገኛል? ይህ ጥያቄ ታሪክም ነው፣ ሥነ ምግባርም ነው፣ ዓለም አቀፍ ግንኙነትም ነው። በአንድ ኮርስ ብቻ አይመለስም።

*ጥያቄ ሦስት፦ የነገ ሰው ስንት ይመዝናል?* ይሄኛው ሒሳብ ለምትወዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሄይን እና ጋትዝዋይለር የተባሉ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ደጋ ደኖች ውስጥ ያለው የቡና የዘር ሀብት ለዓለም ያለውን ጥቅም በገንዘብ ገመቱት፤ በሽታን ለመቋቋም፣ ምርትን ለመጨመር፣ ካፌይንን ለመቀነስ ስለሚያገለግል ማለት ነው። ውጤቱ ሁለት ቁጥር ነው። የወደፊቱ ጥቅም በየዓመቱ በ5 በመቶ እየተቀነሰ ሲሰላ 1.458 ቢሊዮን ዶላር፤ በ10 በመቶ ሲሰላ 420 ሚሊዮን ዶላር።

እንዴት ሆኖ ነው ያው ደን ከሦስት እጥፍ በላይ የሚለያይ ዋጋ የሚኖረው? ከ30 ዓመት በኋላ የሚገኝን 100 ብር ወደ ዛሬ እናምጣው። በ5 በመቶ ከተቀነሰ 23 ብር ገደማ ይሆናል፤ በ10 በመቶ ግን 6 ብር እንኳ አይሞላም። ከፍ ያለውን ቁጥር የመረጠ ሰው፣ “ከ30 ዓመት በኋላ ያለው ሰው ጥቅም አሁን ብዙም አይከብደኝም” ማለቱ ነው። ይህን የሚወስነው ካልኩሌተር አይደለም። ገና ላልተወለደ ሰው ምን ያህል እንደምንጨነቅ የሚመልስ የፍልስፍና ጥያቄ ነው፤ ሠንጠረዥ ውስጥ ስለተደበቀ ብቻ ሒሳብ ይመስላል።

ኢኮኖሚክስ የሚማር ልጅ ስሌቱን ይችላል። ሥነ ምግባር የተማረ ልጅ ጥያቄውን ይችላል። ሁለቱን የሚችል አንድ ልጅ ማውጣት ነው የጋራ ኮርስ ሥራው።

ከእነዚህ ሌላ ብዙ አለ። ለዓለም ንግድ ኢሉባቦር አዲስ አይደለችም። ምኒልክና እንግሊዞች በ1894 ዓ.ም. በተፈራረሙት ውል እንግሊዝ በባሮ ወንዝ ላይ የንግድ ጣቢያ የማቋቋም መብት አገኘች። የአካባቢው ቡና በበቅሎ ጎሬን አልፎ ጋምቤላ ይወርድና፣ ወንዙ በሚሞላበት ክረምት በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። በእኛው ዘመን ደግሞ እዚያው ያዮ፣ ከባዮስፌሩ ጎን፣ በድንጋይ ከሰል የሚሠራና በዓመት 300,000 ቶን ዩሪያ እንዲያመርት የታቀደ የማዳበሪያ ፋብሪካ በሜቴክ ተጀምሮ ሳያልቅ ቆሟል። ማዳበሪያ ለገበሬው፣ ደን ለቡናው፣ ብድር ለአገሪቱ፤ ሦስቱን አንድ ላይ መመዘን የቻለ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ስንት ሰርተፍኬት ይበልጣል!

ይሄ አዲስ ሐሳብ አይደለም

“ጥሩ ነው፣ ግን የት ተሠርቶ ያውቃል?” ትሉኝ ይሆናል። ቀደም ሲል በጠቀስኩት በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ፣ አሌክሳንደር ሚክልጆን የተባለ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. ከ1927 እስከ 1932 “የሙከራ ኮሌጅ” የሚባል ፕሮግራም መርቷል። ተማሪዎቹ በመጀመሪያው ዓመት የጥንቷን አቴንስ፣ በሁለተኛው ዓመት የራሳቸውን ዘመን አሜሪካ ያጠኑ ነበር። በመካከሉ ባለው ክረምት ግን እያንዳንዱ ተማሪ አንድ አካባቢን፣ ብዙውን ጊዜ የገዛ አገሩን፣ አጥንቶ መጻፍ ነበረበት፦ ሰዉ በምን ይተዳደራል? ሥልጣኑ የማን ነው? ምን ያምናል? አቴንስን የተማረው የትውልድ ከተማውን ለማንበብ ነው። ኮሌጁ በአምስት ዓመት ተዘጋ፤ እንዲህ ያለ ትምህርት ብዙ መምህርና ብዙ ጊዜ እንደሚጠይቅም ከእሱ እንማራለን።

እኛም ጋ ተሠርቷል። በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ሄደው ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኞቹ በመምህርነት። ከተሜው ተማሪ የገጠሩን ኑሮ በዓይኑ አየ። አገልግሎቱ የራሱ ችግሮች ነበሩበት፤ ሆኖም መጽሐፍ ላይ “ሕዝብ” ተብሎ የተጻፈው ቃል ፊት አገኘ። የዛሬው ፍሬሽማን አንድ ዓመት መሄድ አያስፈልገውም። ቀድሞውኑ ከአንድ ቦታ የመጣ ነው። ያን ቦታ ወደ ክፍል ይዞት እንዲገባ መፍቀድ ብቻ ነው የሚጎድለው።

“ጊዜ የለም፣ ክፍሉ ሞልቷል”

መምህራን የሚያነሱት ቅሬታ እውነት ነው። መቶ ተማሪ ይዞ የእያንዳንዱን ጽሑፍ ማረም ይከብዳል። ግን ሁሉንም ነገር መቀየር አያስፈልግም። ግሎባልን፣ ሎጂክንና አንትሮፖሎጂን የሚያስተምሩ ሦስት መምህራን ቢስማሙ፣ ለሦስቱም ኮርስ አንድ የጋራ ሥራ ማዘዝ ይችላሉ። አምስት ተማሪ ሆነው ከአንዳቸው ወረዳ አንድ ነገር፣ ቡና ይሁን ማር፣ ሕግ ይሁን ፋብሪካ፣ ይምረጡና ከዓለም ጋር የተያያዘበትን ክር ይከተሉ። በምትታረመው ወረቀት ብዛት ካየነው፣ መቶ ተማሪ ሃያ ወረቀት ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከባድ ነው፦ “በሥራ አጥነት ዘመን ፍልስፍና ምን ይበላል?” እውነት ነው፣ ሎጂክ ቀጥታ እንጀራ አይሆንም። ግን የያዮን ገበሬዎች ማኅበር ወክሎ ከላኪ ጋር የሚነጋገር፣ የማሳ ምዝገባውን የሚያስረዳ፣ ውሉን አንብቦ “ይህች ቃል ታንቀናለች” የሚል ሰው ያስፈልጋል። ያንን ሥራ የአካባቢው ልጅ ካልቻለው፣ የሚችለው ከሌላ ቦታ ይመጣል፤ የሚወስነውም እሱ ይሆናል። ለእኔ የእነዚህ ኮርሶች ጉዳይ የክሬዲት ጉዳይ ያልሆነው ለዚህ ነው። ደኑ ላይ የሚጻፈውን ሁሉ ከደኑ ዳር ያደገ ሰው ማንበብ ይችላል ወይ የሚል ጥያቄ ነው።

እስከዚያው እናንተ

ካሪኩለም በአንድ ቀን አይለወጥም፤ እናንተ ግን ካሪኩለም እስኪለወጥ መጠበቅ የለባችሁም። ፍሬሽማን ከሆናችሁ፣ ወይም ልትሆኑ ከሆነ፣ ከአገራችሁ አንድ ነገር ምረጡ። የመንዝ በግ ሊሆን ይችላል፣ የመተማ ሰሊጥ፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ፣ የመርካቶ ቦንዳ። ከዚያ አራት ነገር ጠይቁ፦ ዋጋውን የሚወስነው ማን ነው? የሚገዛው የት ያለ ሰው ነው? ስለ እሱ የተጻፈው ሕግ የትኛውን ቃል እንዴት ይተረጉማል? ከመቶ ዓመት በፊትስ በየት በኩል ይሄድ ነበር?

አራቱን በደንብ ከመለሳችሁ፣ አንዱ ግሎባል፣ አንዱ አንትሮፖሎጂ፣ አንዱ ሎጂክ፣ አንዱ ታሪክ መሆኑ ይገባችኋል። ሞጁሉንም መልሳችሁ ስትገልጡት የሆነ ነገር ይለወጣል፤ ንድፈ ሐሳቦቹ ለፈተና የሚሸመደዱ ስሞች መሆናቸው ይቀርና መሣሪያ ይሆናሉ። አንዳንዶቹ ይሠራሉ፣ አንዳንዶቹ ዱልዱም ናቸው፤ የትኛው ምን እንደሆነ የምታውቁት ደግሞ ስትሞክሯቸው ነው።

ያን ጊዜ ወረቀት ላይ ባይጻፍም የዓለም ግንዛቤ አላችሁ። አባታችሁ ሲጠይቋችሁም፣ ቢያንስ “ቆይ አባዬ፣ ሕጉ ደን የሚለውን እንዴት እንደተረጎመው መጀመሪያ እንይ” ማለት ትችላላችሁ።